አራት ሰከንድ

ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ፣ ኦርፌሊና ጎንበስ አለች፤
የተዘቀዘቀች ቺሎዌን፣ በመስታወቱ ላይ አየች፤
ባሕሩ ከላይ ተሰቅሎ፣ ሰማዩ ከሥር ተነጥፎ፣
የኖልቤርቶ የእንጨት ቤት፣ በጣራው ቆሞ ተንሳፎ፣
ስድስት ጥማድ በሬ ሲጎትተው፣
መንደሩ "ሳብ! ሳብ!" ሲል።

የቀራት አንድ ፊልም ነው።
አራት ሰከንድ ያስፈልጋታል፤
በሬ "አትተንፍስ" ቢሉት መች ይሰማል?
ቤቱም እንደሆን መንገደኛ ነው።

ካሜራውን ተሸክማ ወደ ኋላ አዞረችው፣
ቤቱ ወደ ለቀቀው መሬት፦
ዝናብ ያቆሩ የምሰሶ ጉድጓዶች፣
የምድጃ ጥላሸት፣
ሠላሳ ዓመት የተረገጠ የደጃፍ መንገድ፣
ደጃፍ የሌለው።

መካከሉ ላይ ኤድልሚራ፣ የኖልቤርቶ ሚስት፣
ጀርባዋን ለጩኸቱ ሰጥታ።
ማንም "አትነቃነቂ" አላላትም።
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት፣
አራት፤
ዐይኗን እንኳ አልከደነችም።