የተፈቀዱ ቃላት

ግራዝ ከኮረብታዋ፣ ከግንቧ አናት፣
የተገለበጠ ትልቅ ሰዓት አላት፤
ረጅሙ ዘንግ ሰዓት፣ አጭሩ ደቂቃ፤
ቀና ብሎ ያየ እንግዳ ያረፍዳል፣ በቃ።

ከታች ሆስፒታሉ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ደቂቃ አይምታታም በእኔ ሰዓት ሲታይ።
ሠላሳ ሜትር ነው የኮሪደሩ ርዝመት፣
በዚህም በዚያም ጫፍ ብርቱካናማ ቆብ ተጎልቶበት፤
በሽተኛው ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል፣
ስድስት ደቂቃ ሙሉ ወለሉን ያርሳል።

ወይዘሮ ኖትቡርጋ ሠላሳ አንድ ዓመት
ትራም ነድተዋል፣ በበረዶው፣ በሙቀት።
አሁን ጫማቸውን ከቀይዋ መስመር አስተካክለው፣
«ቀጣዩ ፌርማታ፣ ቆቡ!» ይላሉ፣ ቁና ቁና ተንፍሰው።

ሕመሙ ከሳንባ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ደም
እንደ ልቡ አያልፍም፤
ቧንቧዎቹ ጠበዋል፣ ግድግዳቸው ወፍሯል፣
ቀኝ ልብ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ሲገፋም ይሰፋል።
በእኛ አፍ «ልበ ሰፊ» ሙገሳ ነው፣ ለቻይ ሰው፤
እዚህ ግን ልብ ሲሰፋ፣ ሐኪም ግንባሩን ነው የሚቋጥረው።

አዲስ ክኒን አለ። መሥራት አለመሥራቱ ገና አልታወቀም።
ሣጥን ቁጥር አርባ ሰባት። ፍሬው እውነተኛ ይሁን ባዶ
እሳቸው አያውቁም። እኔም አላውቅም።
ዶክተር ሉድገርም አያውቁም።
ሁላችንም ዐይናችን ታስሮ ነው የምንሠራው።

ለእኔ ደግሞ የታተመ ሕግ አለኝ፦
በየደቂቃው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ።
«ጥሩ እየሄዱ ነው። አምስት ደቂቃ ይቀርዎታል።»
«በዚሁ ይቀጥሉ። አራት ደቂቃ ይቀርዎታል።»
ሌላ ማበረታታት ክልክል ነው፤
ደግ ቃል እግር ይሆናል፣ ሜትር ይጨምራል፣
ክኒኑ ያልሠራውን ሠራ ያሰኛል።

በታኅሣሥ ማለዳ፣ ጉም ሙር ወንዝን ውጦ፣
መጡ፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ።
በሰባተኛው ዙር ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።
ሰዓቱ ግን አይቆምም። እሱም ሕግ ነው።
ጣታቸው ላይ ያለችው መለኪያ ሰማንያ አምስት አለች፣
ሰማንያ አራት አለች፣
ወረቀቴን አየሁ። ለዚህ የሚሆን ቃል አልታተመበትም።
አፌ ወረቀቱን አልጠበቀም፦
«አይዞሽ።»

በአማርኛ። ያውም በአንቺታ፣
አርባ ዓመት የሚበልጡኝን ሴት።
ገባቸው እንዴ? እንጃ። እጃቸውን ከግድግዳው አነሡ፣
ሁለት ዙር ጨመሩ።

ማታ ቅጹን ሞላሁ። የሕግ ጥሰት፦ አንድ።
የተባለው ቃል? ጻፍኩት።
ትርጉሙ?
«አትፍሪ» ብዬ ሰረዝኩ። «በርቺ» ብዬ ሰረዝኩ።
«እኔም እዚሁ አለሁ፣ የትም አልሄድኩ» ልል ስል
ክፍት ቦታው አለቀ።
ዶክተር ሉድገር አነበቡትና
«ስንት ሜትር ያህል ይሆናል?» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

በመጋቢት ተመለሱ፣ አዲስ ጫማ አድርገው።
ከቀይዋ መስመር ላይ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ።
«ያን ቃል ዛሬ እንዳትይው» አሉኝ፣
«ቁጥሬን ያበላሽብኛል።
ከእኔ በኋላ የሚሳፈር ሰው አለ፤
መንገዱ ያደርስ እንደሆን፣ አያደርስም እንደሆን፣
በእኔ ይወቅ። ስንጨርስ ትይኛለሽ።»

ሰዓቴን ተጫንኩ።
«ጥሩ እየሄዱ ነው። አምስት ደቂቃ ይቀርዎታል።»
ድምፄን እንደ ውሃ ልክ አስተካክዬ፣
ምላሴን በጥርሴ ይዤ፣
እሳቸው ሲዞሩ፣ ሲመለሱ፣ ሲዞሩ።

ሦስት መቶ አርባ ስምንት ሜትር።
ከመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ስድስት ይበልጣል።
ክኒኑ ነው? ባዶው ፍሬ ነው? አዲሱ ጫማ ነው?
ምስጢሩ የሚፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣
ያን ጊዜም የሚመልሰው ስለ ብዙዎች እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም።

ቁጥሩን ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ከደንኩ።
ስወጣ የሊፍቱን በር በእግራቸው ይዘውልኛል፣
የዘገየ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ሾፌር፣
ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው።