ቀለም አልቋል

ብስኩት ሲወጣ ነው፤ ሽታው ቡሬን ሞልቶ፣
በመናኸሪያው አልፎ ጤና ጣቢያ ገብቶ።
አቶ ጓንጉል ጠሩኝ፤ በሩን ዘጋ አርገው፣
መሳቢያ ከፈቱ ቁልፉን ሁለቴ አዙረው።
«ተቀመጭ ታከለች፤ ቅጿ አጭር ናት፣
ሌላ ሰው ሳይገባ ቶሎ ፈርሚባት።»

አነበብኋት እንጂ፤ እኔ የመዝገብ ሰው፣
ሳላነበው ወረቀት ፊርማዬን አይቀምሰው።
አንቀጽ ሁለት ይላል፦
«በቃል ወይ በጽሑፍ፣ ወይም በምልክት፣
የሚቀነሱትን ለማንም ማውራት
ከሥራ ያሰናብታል፤ በሕግም ያስጠይቃል።»
ምልክት ሲሉ ምን? ቅንድቤን ነው? ዓይኔን?
በነጠላ ልሸፍን፣ ግንቦት ሙሉ፣ ፊቴን?

ፈረምሁ። ማታውን፣ ተቆልፎ በሩ፣
መታሁት አንድ በአንድ፤ አርባ ሦስት ናቸው ቢቆጠሩ።
ይርሳው ከማሸጊያ፣ ከወፍጮው ደሴ፣
ያለምወርቅ ከሊጡ፣ ዘበኛው ዋሴ።
ዐሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ጣቴ ተደናቀፈ፣
የልየው «ል» ፊደል ሁለት ጊዜ ተጻፈ።

በባጃጅ ስመለስ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
«ዝርዝር ይዘሻል?» አለ ልጁ፤ ትንፋሼ ጠፋ።
ቦርሳዬን አቀፍሁት። «ማነው የነገረህ?» አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤
ለካስ የሰጠሁት መቶ፣ እሱ የሚሻው ዐሥር።

ሰኞ ልየው መጣ፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት።
«ታኩ፣ አንዲት ደብዳቤ፤ ለብድር ማኅበሩ ቤት፣
ቋሚ ነው የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት።
ስድሳ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሳይገባ፣
ደሞዜን አስይዤ፤ የሣሩስ ይብቃን፣
ልጆቼ ላይ ጣራው ሌሊት እያነባ።»

ብጽፍ አልዋሸሁም፤ ዛሬማ ቋሚ ነው፤
የሐምሌው ዕዳ ግን ማን ደጅ ነው የሚቆመው?
ዝም ብልም ምልክት፣ ብናገርም ክስ።
«ቀለም አልቋል» አልሁት፣ አንገቴን ደፍቼ፤
ማተሚያው አጠገቤ፣ ጠዋት የሞላሁት ራሴው ከፍቼ።

ማክሰኞም መጣ፤ አልቋል። ሐሙስም መጣ፤ አልቋል።
«ከባሕር ዳር ይመጣል፤ መኪናው ዘግይቷል።»
ቅዳሜ ግን ቆመ፤ ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ፣
«ስንት ነው እሱስ?» አለኝ፤
ሁለት መቶ ብር ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ።
መልሼ ገፋሁለት። «ምቀኛ!» ያለኝ ቃል
እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ይውላል።
ሚስቱ የማንኩሳ ናት እንደኔው፤ ገበያ ስንገናኝ
ሽንኩርቷን እያየች አለፈችኝ።

ሰኔ ሠላሳ ዕለት ሰሌዳው ላይ ወጣ፤
ከየማሽኑ ሥር ሰው እየሮጠ መጣ።
እኔ ወንበሬ ላይ። የመታሁትን ምን ልየው?
«ታከለች» አለ ዋሴ። «ታከለች» አለ ሰው።
የጠሩኝ መስሎኝ «አቤት» እያልሁ ሄድሁ፤
ከአርባ ሦስት በታች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አርባ አራትን አየሁ።
ስም መስሎኝ ነበረ፤
ለካ ግሥ ነው ያሉት።

አቶ ጓንጉል ቀና ሳይሉ ሌላ ቅጽ ሰጡኝ፦
ካሳሽን፣ ያየሽውን፣ የጻፍሽውን፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም እንዳትይ።
በዚያው በሰማያዊው ፈረምሁ።

ልየው በሩ ላይ ነበር፣
የሥራ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ።
አየኝ። ምንም አላለኝ። ምን ይበል ደግሞ?
ያለ ዕዳ ሄደ፣ ወደዚያ ወደሚያፈሰው ጣራ፣
ዝናቡን ተሻግሮ።

ሁለት ዓመቱ አለቀ፤ ትናንት፣ በወረቀቱ ቁጥር።
ማልጄ ልመጣ ነበር፤ ሚስትህን ፈራሁ።
እንግዲህ በቃልም አይደል፣ በምልክትም አይደል፣
ልየው፣
ቀለሙ ያን ቀን አላለቀም ነበር።