ራስጌና ግርጌ

ምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትስ፤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
መስኮቱ ይርገበገባል፣ ማሽኑ ሲቆፍር ከሩቅ።
ከሰል ፈላጊው ወደ እኛ ሲጠጋ፣
በቀን አንድ ክንድ፣ ክረምት ከበጋ፣
ለእኔ የደረሰኝ የሙታን ዝርዝር ነው፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት መቃብር፣ ከሌስኮ መንደር የሚነሣው።

«በሰንጠረዥ ይሁን፣ ለዓርብ ይድረስ» አለ አለቃዬ ዴትሌፍ፤
ስድስት ዓምድ ሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ረድፍ፦
ስም፣ ልደት፣ ዕረፍት፣ የድሮ ቦታ፣ አዲስ ቦታ፣ ፊርማ።
(ማን እንደሚፈርም ጠይቄ ነበር፤ መልስ የሰጠኝ የለማ።)
የሶርብ ስም አያውቅም ኮምፒዩተሩ፤ በቀይ እያሰመረ
ሙታኑን ሁሉ ስሕተት ናችሁ አለ፤
እኔ ግን ማንንም አላረምሁ፣ ሁሉም እንደ ስሙ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት ሽማግሌው ክራውትስ መጣ፣
ባርኔጣውን አራግፎ ከኪሱ መነጽር አወጣ፤
ዘጠነኛውን ገጽ ከጠረጴዛዬ ላይ ብድግ አደረገና፣
አገላብጦ አገላብጦ አየና፣
«ሰባት ይላል፣ ሃያ ሁለት ይላል፤ ምኗ ነው ሰባቱ? ምኗ ነው ሃያ ሁለቱ?
ሚስቴ አሁን ያለችበት ነው፣ ወይስ የምትገባበት ቤቱ?»

እውነቱን ነው። አንደኛው ገጽ ብቻ ነበረው ራስጌ፤
የቀሩት ሠላሳው ራስ የላቸውም፣ ሁሉም ግርጌ።
(ባለፈው ሳምንት በእጄ ጽፌው ነበር በየገጹ፤
አንድ የተረሳ ሟች ቢጨመር ራስጌው ወርዶ ወገብ ላይ ቁጭ አለ፣
ገጹን አጣ ገጹ።)
«አልጋ ራስጌ አለው» አለኝ፣ «ጉድጓድም ራስጌ አለው፤
ወረቀትሽን ምን ነካው?»

ሣቅሁ፤ ከዚያ አፈርሁ። የመጀመሪያውን ረድፍ መርጬ፣
በየገጹ አናት ይደገም ብዬ ምልክቱን አስቀምጬ
ቁልፉን ስጫን፣ ገጹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራስ አበጀ፤
ስም፣ ልደት፣ ዕረፍት እያለ አወጀ።
ሠላሳ አንድ የነበረው ሠላሳ ሦስት ሆነ፤ ራስ ቦታ ይፈልጋል።

«ደግ» አለ ክራውትስ። ግን አልሄደም፤ አሥራ አራተኛው ላይ ጣቱ ቆሟል።
«ሃንዣ ይላል እዚህ፣ እኅቴ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ፣ ከታች፤
ክራውትስ የሚለው ግን ማዶ ነው፤ ምነው ለሁለት ተቆረጠች?»
የመቆረጡን ፈቃድ ከሰንጠረዡ አነሣሁበት፤
ረድፉ እንዳለ ተሻገረ፣ ከነስሟ፣ ከነልደት፣ ከነሞት።

ሊወጣ ሲል ወደ አንደኛው ገጽ ተመለሰ፤ ከራስጌው ሥር፣ ከሁሉ ፊት፣
በፊደል ተራ ስደረድር ማሽኑ ባዶን አስቀድሞ
ያመጣው አንድ ሕፃን አለበት፤
በጦርነቱ ማግስት፣ በየካቲት ብርድ ተወልዶ በዚያው ሌሊት ያረፈ፣
ቄሱ ሳይደርስለት፣ ስም ሳይወጣለት ያለፈ።
ወደ መጨረሻ ላወርደው ስል ሽማግሌው እጄን ያዘ፤
«እዚያው ይሁን» አለ፤ ድምፁ ጥቂት ፈዘዘ።
«ከአጥሩ ሥር ነበር የቀበርነው፤ ዛሬስ እንኳ ይቅደም።»
የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ማታ ዴትሌፍ መጣ፤ አሥራ አራተኛውን ገጽ ገልጦ
ሃንዣ የተወችውን ባዶ አየ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ከግርጌው ተቀምጦ።
«ይሄ ለምን ባዶ ሆነ? ይሙላ እንጂ» አለኝ።
«እንዳትቆረጥ ነው» አልሁ፤ ሌላ ቃል አልነበረኝ።

ማተሚያው ወረቀት ሲተፋ አደረ፤
ውጭም ያ ማሽን ሲቆፍር አደረ።
በሠላሳ ሦስቱም ገጽ ጥግ ራስጌው «ፊርማ» እያለ፣
ከሥሩ ማንም የለ።