አንድ ለሰማንያ ሰባት

ጎረቤታችን ሄር ፎልክማር፣ ከምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣
«ባቡር ማየት ከፈለግሽ፣ እጅሽን ታጠቢ አስቀድሞ» አለኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ውጭ በረዶው ጉልበት ይውጣል፤
ከኬምኒትስ ወዲህ ያለች መንደር፣ በክረምት ልጅን ምን ያጫውታል?

ከደረጃው ስር መብራት በራ።
በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር፣
በበሩ ላይ ሸለቆ፣ በሸለቆው ውስጥ መንደር፣
በመንደሩ ጫፍ ጣቢያ፤ ሰዓቱ የምስር ፍሬ የሚያህል።
«ዓለም ናት» አለ፣ «ለሰማንያ ሰባት ስትከፈል።
ሰው እዚህ ሁለት ሳንቲሜትር ነው፣ ከነኩራቱ።

ጀማሪ ሁሉ ስግብግብ ነው፤ ሦስት ሎኮሞቲቭ ይገዛል፤
ከዚያ መሄጃ የላቸውምና፣ ካርቶኑን አቅፎ ይተክዛል።
አንቺ በአንድ ክብ ሐዲድ ጀምሪ፤ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ባቡር፣
አንድ መቆጣጠሪያ። እስኪሰለችሽ ድረስ ይዙር።
ሲሰለችሽ መቀየሪያ ጨምሪ፤ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈል።
ጨዋታው ያኔ ነው የሚጀምረው፤ ማመንታት ሲከተል።»

ተራራ ከምን ይሠራል? ከትናንት ጋዜጣና ከጄሶ፤
የሙታን ማስታወቂያ፣ የእግር ኳስ ውጤት፣ በውሃ ተለውሶ፣
ሲደርቅ ቋጥኝ ይሆናል።
ዛፉ የደረቀ የሜዳ አበባ፤ ቅጠሉ የተፈጨ ስፖንጅ፤
ሐይቁ የሚስቱ የሮስቪታ መስታወት፤ እሷ «ጠፋብኝ» ትላለች እንጅ።

«ዋሻ ስትሠሪ» አለኝ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ደገመው፤
«እጅሽ የሚገባበት ቀዳዳ ተዪ። ባቡር የሚወድቀው
ሁሌም ዓይን በማይደርስበት ነው።»

አርባ አንድ ዓመት የጣቢያ ሹም ነበር።
እውነተኛው ጣቢያ ዛሬ መስኮቱ በጣውላ ተመቷል፤
ሐዲዱ ተነቅሎ፣ በቦታው ብስክሌት ይነዳበታል።
እዚህ ግን የጠዋቱ ባቡር ይመጣል፤ ጨርቅ ይዞ ሐዲዱን ይወለውልለታል።

መድረኩ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ቀይ ካፖርት፣ ቢጫ ሻንጣ፣
አንድ እግሯ አየር ላይ፣ ባርኔጣዋ ሊወድቅ ሲቃጣ።
ባቡሩ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይሄዳል። እሷ ትሮጣለች።
ዋሻውን ዞሮ ይመጣል። እሷ አሁንም ትሮጣለች።

«ይህቺ ማናት?»
መነጽሩን አወለቀ። «የዘገየች።»
ቆይቶም፣ ለእኔ ሳይሆን ለመቆጣጠሪያው እንደሚነግር፣
«ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ። በአርባ አንድ ዓመት አንድም ባቡር
አላዘገየሁም። እጇን እያውለበለበች ነበር።
የት ልትሄድ እንደነበር አላውቅም።»

ብስኩት ሊያመጣ ደረጃውን ወጣ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፤
እኔ ቀጭኗን ቢላ አነሳሁ። ማጣበቂያው ተሰነጠቀ፤ ጧ!
የሁለተኛው ፉርጎ ጣሪያ ይከፈታል፤ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት፤
ሻንጣዋ አላስገባ አለኝ፤ አጋድሜ አስገባኋት።
እግሯ ግን እንደተነሳ ነው። ተቀምጣም ትሮጣለች።

ተመለሰ። መድረኩን አየ፤
የደረቀችውን የማጣበቂያ ጠብታ።
ቢላዋን ከኋላዬ ደበቅሁ።
እሱ የኪስ ሰዓቱን አወጣ፤ ከፈተው፤ ዘጋው።
«ሁለት ደቂቃ ዘግይተናል» አለ።
ብስኩቱን ለሁለት ሰበረና፣
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂው!»