የኤንትሬው በር

ደጀን ላይ፣ ከብየዳ ቤቱ ጓሮ፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፤ አምፖል፣ የዘይት ቆርቆሮ፣
መቀስ፣ ሞረድ፣ ካውያ፣ ከጎሚስታው የለመንሁት ቅዳጅ፣
አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር፣ የሌሊት ወዳጅ።
ሥራዬ ምን መሰለህ? ትልቁን ማሳነስ፤
የአሥራ ስድስት ክንድ መኪና አንድ ክንድ ላይ ማድረስ።

ብርቄ ለጎረቤት ታማኛለች፦
«የሰው ባል ግቢው ውስጥ ያራግፋል ብሎኬት፣
የኔው የአይጥ መኪና ይገጥማል ሌሊት ሌሊት!»
እውነቷን ነው። ግን ባለፈው፣ የቅባቷ ቆርቆሮ ሲያልቅ፣
አጥባ፣ አድርቃ ሰጠችኝ፤
«ለሳልባትዮህ ይሁን» አለች፣ ፊቷን አዙራ ስትስቅ።

ምንይችል፣ የጎሚስታው ልጅ፣ ፕላስቲክ ሲኖውን አምጥቶ፣
«መብራት አስገባበት፣ አያ፤ ኋላው ይሁን ከፍ ብሎ ተነሥቶ፤
ጥቅስም ጻፍበት» አለኝ። «ምን ብዬ?» አሰበ፣ ጥፍሩን በላ፤
«‹ቅደመኝ፣ ቤት አለኝ› በለው፤ በቢጫ፤ በትልቁ፣ ከኋላ።»
ጻፍሁለት። የራሴን ግን ለማንም አላሳየሁም።

ጎማው ከበረባሶ ነው፤ ጥርሱን በምላጭ አወጣሁት፤
ፍሬቻውን ከመድኃኒት ብልቃጥ ሰብሬ ቀባሁት፤
ሻንሲው የጃንጥላ ዘንግ፣ ባሌስትራው የሰዓት ሞላ፤
ስኮርታውን ሰቀልሁለት ከጋቢናው በስተኋላ።
ሁለት ክረምት ፈጀ።

ማንም ያየውን ኤንትሬ አይደለም ግን የሠራሁ፤
የጋሽ አላምረውን ነው። እኔ ረዳቱ ነበርሁ።
ማኛ ጤፍ ጭነን ዓባይን ስንወርድ፣ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ፣
ፍሬኑ እንደ ተቃጠለ ቀንድ ሲሸት፣ ውኃው ፈልቶ ሲመጣ፣
ከጣራ ዘልዬ፣ ታኮ ታቅፌ፣ ከጎማው እኩል ስሮጥ፣
«ጣል!» ሲለኝ ስጥል፣
ያ ሁሉ ብረት በኔ ጉማጅ ወይራ ላይ ሲቀመጥ፣
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ክብደት ማንም አላመነኝም።

ስለዚህ ከሻንሲው በፊት ታኮዋን ሠራሁ አስቀድሜ፣
ከጥፍሬ አሳንሼ፣ ከወይራ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ ስሜ።
ሁለቴ ጠፋችብኝ። ሦስተኛዋን ዶሮ ዋጠቻት፤
ብርቄ፦ «እንግዲህ ይቺን ዶሮ ቁልቁለት አያስፈራት!»

ባለፈው ሚያዝያ ጋሼ መጣ፣ ልጁ ጥሩዓለም መርታው፤
ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል።
ወንበሩን ወደ አምፖሉ ሳብሁለት፣ ምን ሊረባው።
ቀለሙን አላየም፤ ያንን ስድስቴ በጥብጬ፣
ፀሐይ የጋጠው ቀይ እስኪሆን ከቡኒ ጋር ቀይጬ፣
ያገኘሁትን።
ጣቶቹን ላከ።
ባሌስትራውን ቆጠረ፤ «ዘጠኝ፤ ልክ ነህ» አለና፣
መሪውን በቀኝ ሲያገኘው ፊቱ በራ እንደገና፤
ፓራፋንጎ፣ መስተዋት፣ ስኮርታ፣ አንድ በአንድ ዳስሶ፣
በሩ ጋ ደረሰ፣ ትንፋሹን ይዞ መልሶ።
ከፈተው። ዘጋው።
ከፈተው። ዘጋው።
«ይሄ የኔ አይደለም» አለ።
«ምኑ ጎደለ፣ ጋሼ?»
«በሩ ይዘጋል።»

አዎ። ኩራር ላይ ናዳ ከመታው ወዲያ፣
ያ በር ተዘግቶ አያውቅም፤
ሽቦ ነበር መቀርቀሪያው፣ ሽቦ ነበር ማሰሪያ።
ስንት ሌሊት ብሎኑን በቃሌ የቆጠርሁ፣
ይህን እንዴት ረሳሁ?
እኔ ጣራ ላይ ነበርሁ፤ እኔ ከጎማው ጋር ነበርሁ፤
በዚያ ክፍተት የገባውን ንፋስ ሃያ ዓመት የተቀበለው እሱ ነው፣
ቀኝ ትከሻው እስከ ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ የሚነግረው።

ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን ማጠፊያ በፒንሳ አጣመምሁ፤
ከአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ መዝዤ በሩን አሰርሁ።
«እንካ» አልሁት።

ትንሿን ጣቱን በክፍተቱ ሰደደ፤ ብዙ ቆየ።
«አሁን በረደኝ» አለ።

ብርቄ እውነት መስሏት
ጋቢ ልታመጣ ተነሣች።