የሌዮንስ ልክ

መስኮቴ ሲከፈት ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣
ሲዘጋ በአራት።
አንዲት ሰዓት ለሁሉ፤ አንድ ቁና፣ አንድ ስፍር፤
ሕግ ነው እል ነበር፤ ሕግ መስሎኝ ነበር።

እዚህ በፈንዲ ሰላጤ፣ በኖቫ ስኮሺያ ዳር፣
ውኃው ሲሸሽ ጊዜ ወደቡ ይደርቃል፤
ጀልባው እንደ ታመመ በሬ ጎኑን ጥሎ ጭቃ ላይ ይተኛል።
ስድስት ሰዓት ቆይቶ ባሕር ይመለሳል፣
የተኛውን ያቆማል፣ የቆመውን ይወስዳል።
ደሞ ቀጠሮውን በየቀኑ ይገፋል፤
ከትናንቱ ይልቅ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዛሬ ይዘገያል።
ማንም ግን ለባሕር «አረፈድህ» አይልም፤
ማንም በፊቱ ላይ መስኮት አይዘጋም።

ሌዮንስ ሶልኒዬ፣ ሎብስተር አጥማጁ፣ ያጥማጅ ልጅ የሆነው፣
በጥር ውርጭ መሐል የብረት ወጥመድ ወርዶ ወገቡን መታው።
ሐኪም ክኒን ጻፈ፣ እኔ ቆጠርኩለት፤ ሠላሳ፣ ደግሞ ሠላሳ፤
በእነዚሁ ጣቶቼ ነው፤ ይህን እኔ አልረሳ።
ሕመሙ ወገቡን ለቀቀ፤ ክኒኑ ግን እሱን ያዘው፤
ሲውጠው የኖረው መልሶ ዋጠው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በሜታዶን ሊድን መጣ፤
በየቀኑ አንዲት ጽዋ፣ ፊቴ ቆሞ ሊጠጣ።

አንድ ሐሙስ ውኃው ጎደለ፤ ጀልባው ከደጅ ቀረ።
አራት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ፤ መጋረጃው በእጄ ነበረ።
መስታወቱን መታ። ሰዓቱን በጣቴ አሳየሁት፤
እሱም ባሕሩን አሳየኝ።
ጀርባዬን ሰጠሁት።
የጓንቱ ጨው ቀረ፣ አምስት ጣት፣ በመስታወቱ ላይ፤
ያጠብኩት ቢሆንም፣ ዛሬም አለ ሳይ።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ማርጎ ከመኪናው ውስጥ አገኘችው፣
ከንፈሩ ጠቁሮ፤ ማንቂያውን ባፍንጫው ነፋችው።
«አባባ» ብትል ዝም አለ፤
የጀልባውን ስም ስትጠራ፣ ያኔ ዓይኑን ገለጠ።

በሚያዝያ መጣች አዲሷ ነርስ፣
ኮሪን ጃርቪስ።
«ስንት ሚሊግራም?» አላለችም፤
«ባሕር መቼ ይወጣል? ወገቡስ ሌሊት ያስተኛዋል? ማን አለው ቤቱ?» አለች እንጂ፤
ከቦርሳዋም የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰሌዳ አውጥታ
ከግድግዳ ሰዓቴ ጎን ሰቀለች፣ በአራት መርፌ ወግታ።
«ልክ ነህ» አለችኝ፤ «ሕጉን ጠብቀሃል፤ ልክ ነህ፣ ግድ የለም፤
ብቻ ያንተ ልክ የሌዮንስ ልክ አይደለም።»

ለእሱ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የምትገባ መርፌ ተገኘችለት፣
ባሕር ላይ ቢያድርም ወሩን የምትይዝለት።
እኔም ደስ ብሎኝ «እንግዲህ ለሁሉም መርፌ!» ብል ሳቀች፤
«ይኸው ደግሞ ሌላ ቁና» አለች።

ኦዴት ኮሞ፣ የዳቦ ቤቷ፣ መርፌውን እንቢ አለች፤
«‹እንዴት አደርሽ› የሚለኝ ይህ መስኮት ብቻ ነው፤ አትዝጉብኝ» አለች።
ገላዋ ጽዋውን እንደ ደረቅ አሸዋ ፈጥኖ ይመጠዋል፤
ከቀትር በኋላ ላብ፣ ብርድ፤ ሊጡ ላይ እጇ ይርበተበታል።
መጠኗን ለሁለት ከፈልነው፣ ለጧትና ለማታ።
«ሊጥስ መቼ እኩል ኩፍ ይላል?» አለች፣ ዱቄት እጇን አራግፋ፣ ተረጋግታ።

የሲልቫን ልጅ ግን፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ልኩን ስንፈልግ ቀደመን ሞቱ።
በግንቦት ቀበርነው።
ይህን ዘልዬ ባልፍ፣ ግጥሜ ውሸት ነው።

አሁን ሰሌዳውን ማንበብ ለምጃለሁ።
መስኮቴንም ያው በሦስት ሰዓት እከፍታለሁ፤
ስለ መዝጊያው ግን አትጠይቁኝ።
ትናንት ምሽት ጉም ነበር፤ ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤
ማን እንደሆነ አላውቅም።
ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ወንበሬን ስቤ፣ ቆየሁ።