ፓምፑ ጋ የቀረሁት

እሳቱን አላየሁትም እኔ።
ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤
«እሳት አደጋ አይደለህ እንዴ?» ይለኛል።
ነኝ። ግን አንድ ሰው መኪናው ጋ ይቀራል፤
ፓምፑን ያስነሳል፣ ጋኑን ያዳምጣል፣
ከግፊት መለኪያው መርፌ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያመሻል።

ዌስት የሎስቶን፤ ኦገስት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣
የፒዛ ቤቱን በረንዳ ሰማይ አመድ ሲያለብሰው፣
ጎብኚው ጭሱን ከበስተኋላው አድርጎ ፎቶ ሲነሳ፣
አምስታችን ወጣን፣ በቁጥር አስራ ሁለት መኪና፣ ሳንበላ ምሳ።

ሮዌና ትሶሲ፣ አለቃችን፣ ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
ማስቲካዋን እያላመጠች፣ እንደ ልማዷ ረግታ፤
ኪፕ፣ ጉልበቱ አገጩን የሚነካው፣ መኪናው የሚጠበው፤
ማሪሶል፣ የመጋዟን ጥርስ ስትሞርድ ማንጎራጎር የሚቀናት፤
ደግሞ ኦርቪል፣ የሁላችን ታናሽ፣
በጁን የተቀጠረ፣ ቦት ጫማው ያልተፈታለት፣ ስንቁን ከመንገድ ጨራሽ።

ስማችን ይገርመኛል አንዳንዴ።
«እሳት አደጋ ጥሩ!» ይላል ሰው፣ ቤቱ ሲነድ፤
አደጋውም እሳት አደጋ፣ አዳኙም እሳት አደጋ፣
አንድ ስም ለሁለት ተካፍለን፣ ማን እንደቀደመ ሳይለይ እስኪነጋ።

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ሐይቁ ዳር ያለችውን ጎጆ አትርፉ።»
የድሮ ጠባቂዎች የሠሯት፣ ግንዶቿ እስከ ዛሬ ሙጫ የሚተፉ።
ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤
ቅጠሉ ራሱ ይነዳል።

አራቱ ቧንቧውን እየጎተቱ ጭሱ ውስጥ ጠፉ።
እኔና መርፌው ቀረን።
ጋኑ አምስት መቶ ጋሎን ይዟል፤
ለቆጣቢ ሃያ ደቂቃ፣ ለደንጋጭ አምስት ይበቃዋል።

መርፌው ሲወርድ፦ ኪፕ አፈሙዙን ከፈተ።
ሲመለስ፦ ዘጋው፣ ቦታ ለወጠ፣ ጎተተ።
ሲንቀጠቀጥ ግን፣ እንደ ጥንቸል አፍንጫ፣
ያ ኦርቪል ነው፤ ተራው ደርሶ፣ እጁ አጥቶ ማምለጫ።

«ውሃ?» አለች ሮዌና በሬዲዮ።
«ግማሽ።»
ነፋሱ ዞረ። የጥዶቹ ጫፍ ወደኔ ጎነበሰ፣
እንደ ባቡር ያለ ድምፅ ከኮረብታው ጀርባ ተንደረደረ፣ ደረሰ።
«ውሃ?»
«ሩብ።»
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣
የኔም ጉልበት አብሮት ላላ፣ ቀለጠ።
«ውሃ?»
«አለቀ። ውጡ።»

ወጡ። አራት ጥላ፣ ሳል በሳል፣ ፊታቸው ጥላሸት፤
የኦርቪል አንድ ቅንድብ የለም፤ ይስቃል፣ ያለምክንያት።
ጎጆዋ በሩብ ሰዓት ሄደች።
የተረፈው ከጎኗ የነበረው ሽንት ቤት ነው፤ የበሩ ቀለም እንኳ ሳይላጥ፣
እሳት ካየው ምን ለየው የሚባለውን ሳይሰማ፣ ሳይደነግጥ።

አሁን እውነቱን ልናገር፦
«አለቀ» ስል አርባ ጋሎን ነበር።
ምናልባት ለአንድ ግድግዳ ይበቃል፤ ምናልባት ለጣሪያው ጥግ፤
ምናልባትም ለምንም።
አላውቅም። እሳቱን አላየሁትም።
ያየሁት መርፌውን ነው፤ በመርፌውም የአንድ ልጅ እጅ።

ሮዌና መጥታ የጋኑን መስታወት አየች፣
አርባዋን አነበበች።
ምንም አላለች።
መክፈቻውን አዙራ እጇን ታጠበች፣
ቀጥላም ኦርቪልን ጠርታ አንገቱ ላይ አፈሰሰች።

በዓመቱ፣ ጁን ላይ፣ በዚያው መንገድ አለፍን።
እሳት አመድ ወለደ ይላል ተረቱ። አመዱስ ነበር፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።
ግን እዚያ ጫካ አንድ ጥድ አለ፣ ፍሬው በሙጫ የታሸገ፣
እሳት ካልነካው ዘሩን የማይለቅ፣ ንፉግ።
ማሪሶል ተንበርክካ ቆጠረች፦ በባርኔጣዋ ስፋት አስራ ሰባት ቡቃያ፣
ቁመታቸው ከጥርስ ብሩሽ ፀጉር የማይበልጥ።
ሽንት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር።

ኦርቪል ዘንድሮ ፓምፑን ይማራል።
መርፌውን፣ ሞተሩን፣ መክፈቻውን አሳየሁት ሁሉንም፤
ስለ አርባው ጋሎን አልነገርኩትም።
ትናንት ልምምድ ላይ «ውሃ?» ስለው፣
«አለቀ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።
በጣቴ ጋኑን አንኳኳሁ፦
ከግርጌው ድፍን ነው።